ፍም ላይ መጥበስ እወዳለሁ፣ ባለሙያ ለመሆን ከየት ልጀምር?

ጠባሿ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቀጥታ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ፍም ላይ ስጋ መጥበስ በጣም እወዳለሁ። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር እሳቱ ጋ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ቤተሰቡ ራሱ "ጠባሿ" ነው የሚለኝ። ከሰል ማቀጣጠሉን፣ ስጋው ፍርግርጉ ላይ ሲያርፍ ቸስ ሲል መስማቱን፣ ሰው ቀምሶ ፊቱ ሲፈካ ማየቱን፣ ሁሉንም እወደዋለሁ።

አሁን ግን መውደድ ብቻ አልበቃኝም። ሥራውን በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን የሠራሁት ጎድን ለስልሶ ሰው ሁሉ ሲያወራለት ይውላል፣ በሌላ ቀን ያንኑ ስጋ በዚያው ቅመምና በዚያው ማንደጃ እሠራለሁ፣ ይደርቃል። ለምን እንደተለያየ አላውቅም። ጥሩ ሲወጣም ለምን ጥሩ እንደወጣ አላውቅም፣ ይሄኛው እንዲያውም የበለጠ ያብሰለስለኛል። ቪዲዮ አያለሁ፤ አንዱ "ቶሎ ቶሎ አገላብጡ" ይላል፣ ሌላው "አንዴ ብቻ ገልብጡ፣ ከዚያ አትንኩት" ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚያወሩት።

ስለዚህ እናንተ ብዙ የቆያችሁበት ንገሩኝ። መጀመሪያ መማር ያለብኝ ምንድነው? ውድ ማንደጃ ልግዛ? ኮርስ ልግባ? ወይስ ዝም ብዬ ደጋግሜ ልጥበስ? ውዬ አድሬ ሥራዬ ባደርገውም ደስ ይለኛል። እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

ባለረመጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ግማሽ መልሱ አለ። "ለምን ጥሩ እንደወጣ አላውቅም" ያልሽው ነገር ነው ወዳጅን ከባለሙያ የሚለየው። ባለሙያ ማለት ያው ውጤት ሲፈልግ ያው ውጤት የሚያገኝ፣ ካላገኘም ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ ከቅመምም፣ ከስጋም በፊት እሳት ነው የሚቀድመው። አብዛኛው ሰው የሚያጠናው የቅመም ዝርዝር ነው። እሳቱን ማንም አያጠናውም።

የኔ ምክር፣ ማንደጃውን ያለ ስጋ አንድጂ። ባዶውን። ከሰል ሙይ፣ አቀጣጥዪ፣ ክዳኑን ዝጊ፣ ከዚያ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ለማቆየት ሞክሪ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የታችኛውን የአየር ቀዳዳ ትንሽ ስትከፍቺ ሙቀቱ ወዲያው አይነሳም፣ አሥር ምናምን ደቂቃ ይወስድበታል፤ አንቺ ግን ትቸኩዪና የበለጠ ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ 170 ይገባል፣ ከዚያ ልታወርጂው ትሯሯጫለሽ። ሙቀት አንዴ መውጣት ከጀመረ ፈጣን፣ ሲወርድ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ የምትፈልጊው ሙቀት ላይ ከመድረሱ በፊት ቀዳዳውን ማጥበብ አለብሽ። ይሄ የሚለመደው በእጅ ነው፣ ስጋው እንዳይበላሽ ሳትጨነቂ ብትለምጂው ደግሞ ይሻላል።

ሌላው፣ ከሰሉን ማንደጃው ሙሉ አትበትኚው። ወደ አንድ ወገን ሰብስቢው። አንዱ ወገን የጋለ፣ ሌላው ባዶና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የጋለው ላይ የስጋው ፊት ይቀላል፣ ቀዝቀዝ ያለው ላይ ውስጡ በቀስታ ይበስላል። ስብ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሳ ስጋውን የምታሸሺበት ቦታ አለሽ ማለት ነው። ስብ ፍም ላይ ወርዶ ሲቃጠል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ስጋው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ለጤናም ለጣዕምም ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ ነበልባል ሲነሳ ለቪዲዮ ያምራል እንጂ ለስጋ አይሆንም። ውኃ ግን እንዳትረጪበት፣ የሚነድ ስብ ላይ ውኃ መርጨት አደገኛ ነው። ክዳኑን ዝጊ፣ አየር ሲያጣ ይበርዳል።

ስለ ክዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ክዳኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የሚባል አሜሪካዊ፣ ብረታ ብረት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ ባሕር ላይ ለምልክት የሚንሳፈፈውን የብረት ኳስ ለሁለት ቆርጦ፣ የታችኛውን ማንደጃ የላይኛውን ክዳን አደረገው። ዛሬ ቬበር የሚባለው ክብ ማንደጃ ከዚያ ነው የመጣው። ክዳንና የአየር ቀዳዳ ስላለው ብቻ፣ አንድ ተራ ማንደጃ መጥበሻም፣ ምድጃም፣ ጭስ ማጠኛም መሆን ቻለ። ስለዚህ ውድ ዕቃ አትግዢ። ክዳኑ የሚገጥም፣ ከላይና ከታች የሚዘጋና የሚከፈት ቀዳዳ ያለው ማንደጃ በቂሽ ነው።

ሼፍ_ማታ

በባለረመጥ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ስጋውን ግን ልጨምርበት። እኔ በሙያዬ ምግብ አብሳይ ነኝ፣ ፍም ላይም ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ የምትገዢው ነገር የስጋ ቴርሞሜትር ይሁን። ቶሎ የሚያነበው፣ መርፌ ያለው ዓይነት። ክዳኑ ላይ የተገጠመውን አትመኚ፣ እሱ የሚለካው ክዳኑ ሥር ያለውን አየር ነው፤ ስጋው ያለው ፍርግርጉ ላይ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ደግሞ ትንሽ አይደለም። የገዛሽው ትክክል መሆኑን ለማየት በረዶ በሞላበት ውኃ ውስጥ ክተቺው፣ 0 ማለት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተን ከፈለግሽ ግን ተጠንቀቂ፣ ከፍታ ቦታ ላይ ውኃ ከ100 በታች ነው የሚፈላው።

ስጋው ውስጡ ሊደርስበት የሚገባውን ሙቀት በቃልሽ ያዢ። ዶሮ 74 ዲግሪ። የተፈጨ ስጋ 71። ያልተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ቁራጭ ቢያንስ 63፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ማረፍ። የተፈጨው ለምን ከፍ አለ ካልሽ፣ ጀርሙ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ስጋው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ምክንያቱን ካወቅሽ ቁጥሩን አትረሺውም።

አሁን ወደ ጎድንሽ ልመለስ። ስጋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሽንጥ ብዙ የማይሠራ ጡንቻ ነው፣ ጅማቱ ትንሽ ነው፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ተጠብሶ መውጣት አለበት። ፍርምባና ጎድን ግን ሌላ ዓለም ነው። ከብቱ ሲሄድና ሲተነፍስ የሚሠሩ ክፍሎች ስለሆኑ በጅማት የተሞሉ ናቸው። የዚያ ጅማት ዋናው ክፍል ኮላጅን ይባላል። ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሟሟት ይጀምርና ወደ ጄላቲን ይቀየራል፣ ያንን ወዛም ለስላሳነት የሚሰጠው እሱ ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰዓት። ለዚህ ነው ፍርምባ ውስጡ 70 ሲደርስ ብታወጪው እንደ ጎማ የሚሆነው፣ ታግሠሽ ከ90 እስከ 96 ብታደርሺው ግን የሚለሰልሰው። ሽንጥን እዚያ ብታደርሺው ደግሞ ይደርቃል። እና "ደረቀ" የምትዪው አንዳንዱ ስጋ የበሰለው ከልክ በላይ ሳይሆን ከልክ በታች ሊሆን ይችላል። ጀማሪውን በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው። ጠንክሮ ሲያየው "አበዛሁት" ይልና በሚቀጥለው ቶሎ ያወጣዋል፣ የበለጠ ይጠነክራል።

ሌላ የምታገኚው ጉድ፣ ፍርምባው ወደ 65 ወይም 70 ዲግሪ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሰዓታት ይሄዳሉ፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ሰው ይደነግጥና እሳቱን ያግለበልበዋል። እሳትሽ አልበረደም። ስጋው ላዩ ላይ ያለው እርጥበት እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘው ነው፣ ልክ ላብ ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዘው። እርጥበቱ ሲያልቅ እንደገና መውጣት ይጀምራል። ካላስቻለሽ በፎይል ወይም በወፍራም የስጋ ወረቀት ጠቅልዪው፣ ትነቱ ሲታፈን ያልፈዋል፤ ፎይል ግን ያንን የጠቆረ ጥርት ያለ ቅርፊት ያለሰልስብሻል። ምርጫው የአንቺ ነው።

ጨው። ከምንም ቅመም በፊት ጨው። ለ1 ኪሎ ስጋ ከ10 እስከ 15 ግራም፣ በሚዛን ተመዝኖ፣ ከመጥበስሽ በፊት ባለው ማታ አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ ሳትከድኚ አስቀምጪው። ጨው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዕፅዋቱ አብዛኛው ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትዘፈዝፊውም እንኳ። ፍሪጁ ውስጥ ላዩ መድረቁ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ እርጥብ ፊት ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ስጋ ቡናማ ሆኖ ያንን ሽታ የሚያወጣው ግን ከ140 ምናምን በላይ ሲሆን ነው። ያ ለውጥ የማያር ሂደት ይባላል፣ ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 የጻፈበት ነው። ስጋሽን ከመጣልሽ በፊት በወረቀት ፎጣ አድርቂው ማለት ነው በአጭሩ።

ማገላበጡን በተመለከተ፣ ለሽንጥ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ አይጎዳም። እንዲያውም ሁለቱም ወገን እኩል ይበስላል፣ ቶሎም ይደርሳል። "አትንኩት" የሚሉት ስጋው መጀመሪያ ላይ ፍርግርጉን ስለሚይዝ ነው፣ ሲቀላ ራሱ ይለቃል። ሁለቱም ሰዎች ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል።

ቀስ_በቀስ

ስለ ቴርሞሜትሩ አንድ ነገር ልቃወም። ሼፍ ያለው ትክክል ነው፣ ለዶሮና ለተፈጨ ስጋ ያለ ቁጥር መሄድ አልመክርም። ለፍርምባ ግን ቁጥሩ መቼ መፈተሽ እንደምትጀምሪ ብቻ ነው የሚነግርሽ። አንዱ ፍርምባ 91 ላይ ይደርሳል፣ ሌላው 97 ላይም ገና ነው። ከብቱ ይለያያል፣ ስቡ ይለያያል። እውነተኛው መለኪያ እጅሽ ነው። የቴርሞሜትሩን መርፌ ወፍራሙ ቦታ ላይ ስትሰኪው ለስላሳ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሸርተት ካለ ደርሷል። ከተጋፋሽ ገና ነው። ጎድን ሲሆን ደግሞ በጉጠት አንዱን ጫፍ ይዘሽ አንሺው፣ መሃሉ ላይ ታጥፎ ላዩ መሰንጠቅ ሲጀምር አውጪው።

ቁጥሩን ብቻ የሚከተል ሰው ቁጥር ያነባል እንጂ ስጋ አያነብም። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመጂ፣ በየጊዜው መርፌውን ስትሰኪ እጅሽ ምን እንደተሰማው ልብ በዪ። በኋላ እጅሽ ቀድሞ ያውቃል፣ ቁጥሩ ያረጋግጥልሻል።

ማሳረፉን ደግሞ አትዝለዪው። ፍርምባ ከእሳት እንደወጣ ብትቆርጪው ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይፈስሳል። ጠቅልለሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ። ስትቆርጪም የስጋው ክሮች የሚሄዱበትን አቅጣጫ አይተሽ አቋርጠሽ ቁረጪ። በደንብ የበሰለ ፍርምባ በክሩ አቅጣጫ ተቆርጦ ጠንካራ ሲባል አይቻለሁ፣ ያሳዝናል፣ ያ ሁሉ ሰዓት።

ጠባሿ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እውነት። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ስለ ጎድኑ የተባለው ነገር ዓይኔን ነው የገለጠው፣ ጠንክሮ ሳየው ሁሌ "ብዙ ቆየ" ነበር የምለው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንዱ፣ አንዳንዴ ስጋው መራራ ይሆናል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ምላስ ላይ ይቀራል። ለምንድነው? ሁለተኛ፣ አንድ ጓደኛዬ የጋዝ ግሪል ሊሰጠኝ ይፈልጋል፣ በጋዝ ላይ መማር ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሰው አለ። እውነት ነው?

ፍልጥና_ጭስ

የመራራው ነገር የኔ ጉዳይ ነው፣ ልመልስ።

ጭስሽን እዪው። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚንቦለቦል ከሆነ እሳትሽ አየር አጥቷል፣ ወይም እንጨትሽ እርጥብ ነው። ያ ጭስ ያልተቃጠለ ነገር የተሸከመ ነው፣ ስጋው ላይ ያርፍና ያመርራል። የምትፈልጊው በጭንቅ የሚታይ፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ የመሰለ ጭስ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ምንም ጭስ የሌለ ይመስልሻል፣ ሽታው ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሰው "ጭስ ጨመርኩ" ብሎ የሚደሰተው በሚበዛው ጭስ ነው፤ ጥሩ ጣዕም ያለው ግን ንጹሕ የሚነድ ትንሽ እሳት ላይ ነው። ትልቅ የታፈነ እሳት ከማንደድ አየር ያገኘ ትንሽ እሳት አንድጂ። የላይኛውን ቀዳዳ ክፍት ተዪው፣ ሙቀቱን በታችኛው ተቆጣጠሪ።

እንጨት፣ ጠንካራና የደረቀ ፍልጥ ይሁን። ወይራ፣ ኦክ፣ የፍራፍሬ ዛፍ እንጨት ጥሩ ናቸው። ሙጫ ያላቸውን እንደ ጥድ ያሉትን አትጠቀሚ፣ ጥላሸትና ምሬት ነው የሚሰጡት። ቀለም የነካው፣ ለግንባታ በኬሚካል የታከመ እንጨት ደግሞ ጭራሽ እንዳታስቢው፣ መርዝ ነው። በእንጨት ውስጥ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ፣ ሲቃጠል ያንን የጭስ ጣዕም የሚሰጡትን ውህዶች የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሙቀቱ በቂ ሲሆን። ስለዚህ የጣዕሙ ነገር መጀመሪያ እሳቱ እንዴት ነደደ የሚለው ነው፣ የእንጨቱ ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይዞታል።

ቅንጣቢ እንጨት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚባለውንም ተዪው። ውኃው ወደ ውስጥ እምብዛም አይገባም፣ ላዩ እስኪደርቅ እንፋሎት ነው የሚወጣው፣ እሳቱንም ያቀዘቅዘዋል። ከሰሉንም በፈሳሽ ነዳጅ አታቀጣጥዪ፣ ሽታው ይቀራል። ከሥር ወረቀት የሚገባበት ረጅም የቆርቆሮ ማቀጣጠያ አለ፣ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ከሰሉ ላዩ አመድ ለብሶ ይወጣል። አመድ ሳይለብስ ስጋ አትጫኚ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ስጋው ጠርዝ ላይ የሚታየው ሮዝ ቀለበት። ሰው የጥሩ ሥራ ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው። ከጭሱ ጋዝ ጋር በስጋው ውስጥ ያለው ቀለም ሲጣመር የሚፈጠር ነው፣ ጣዕም ግን የለውም። ያምራል፣ እኔም ደስ ይለኛል ሳየው፣ ግን ሥራሽን በሱ አትመዝኚ።

ጋዙን በተመለከተ ተቀበዪው። ጋዝ ላይ ሙቀት መቆጣጠር ቀላል ስለሆነ ስጋውን ለመማር ጊዜ ይሰጥሻል። አንዱን ወገን አንድደሽ ሌላውን አጥፍተሽ ባለረመጥ ያለውን ሁለት ወገን መሥራት ትችያለሽ። ጨው፣ ሙቀት፣ ማሳረፍ፣ አቆራረጥ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይማሩታል። የማትማሪው እሳት ማንበብን ብቻ ነው። እሱን በከሰል ትማሪዋለሽ። ሁለቱም ይኑርሽ።

ጣዕም_ፈላጊ

ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ምላስ። እጅሽ ሊሠለጥን ይችላል፤ ምላስሽ ካልሠለጠነ ግን የት እንደደረስሽ አታውቂም። "ይጣፍጣል" የሚለው ቃል ምንም አያስተምርም፣ በተለይ ከሚወዱሽ ሰዎች ሲመጣ። ጥያቄውን ቀይሪው። "ጨው አነሰው ወይስ በዛ?"፣ "የመጨረሻው ንክሻ ላይ ምን ቀረ?"፣ "ማኘክ አስቸገረ?" ብለሽ ጠይቂያቸው።

የውድድር ዳኞች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ እኔን በጣም ረድቶኛል። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ሶሳይቲ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተ ትልቅ ማኅበር አለ፣ ብዙ ውድድር በሱ ደንብ ነው የሚካሄደው። ስጋው ቁጥር ብቻ በተጻፈበት የተዘጋ ሣጥን ይቀርባል፣ ማን እንደሠራው ዳኛው አያውቅም። ሦስት ነገር ያያሉ፦ መልክ፣ ጣዕምና ልስላሴ። ከ2 እስከ 9 ይሰጣሉ። ከሦስቱ ትልቁ ክብደት የጣዕም ነው፣ ከዚያ ልስላሴ፣ መልክ መጨረሻ። ስለ ጎድን የሚፈልጉት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል፣ ስጋው ከአጥንቱ ጥሎ እንዲወድቅ አይፈልጉም፤ ስትነክሺው የነከስሽው ብቻ ንጹሕ ሆኖ እንዲነሳ፣ የጥርስሽ ቅርጽ እንዲቀር ነው። ከአጥንቱ ራሱ የሚወድቅ ለነሱ ከልክ በላይ የበሰለ ነው። ቤተሰብሽ የሚወደው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው የምትፈልጊውን ሳታውቂ ስትሠሪ ነው። መጀመሪያ "እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ" በዪ፣ ከዚያ ወደዚያ ሥሪ።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። አንድ የስጋ ክፍል ምረጪ፣ አንድ ብቻ። ጎድን ከሆነ ጎድን። ለወራት እሱን ሥሪ። በያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ዛሬ ጨዉን ከቀየርሽ እሳቱን አትቀይሪ። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየርሽ ምን እንደለወጠው በፍጹም አታውቂም፣ አሁን ያለሽበት ችግር ይሄ ነው የሚመስለኝ። ደብተር ያዢ። የስጋው ክብደት፣ የጨው ግራም፣ የማንደጃው ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ነፋስ ነበር ወይ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጠቀለልሽ፣ ስንት ላይ አወጣሽ፣ ስንት ጊዜ አረፈ፣ ማግስቱን ምን ይመስል ነበር። ነፋስን የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው፣ ያው ማንደጃ ነፋስ ባለበት ቀን ሌላ ማንደጃ ነው የሚሆነው፣ ሰው ግን ስጋ ሻጩን ይወቅሳል።

ቢቻልሽ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሥሪ፣ አንዱ ሌሊቱን ጨው ያደረ፣ አንዱ ሊጠበስ ሲል ጨው የተነሰነሰበት። ጎን ለጎን መቅመስ ብዙ ቪዲዮ ከማየት የበለጠ ያስተምራል።

ኮርስ ጥሩ ነው፣ ግን ከኮርስ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጎን መቆም ይቀድማል። ለትልቅ ድግስ የሚጠብስ ሰው ካወቅሽ ሄደሽ ፍልጥ ተሸከሚለት፣ አመድ ጥረጊለት። ማንደጃውን የሚከፍተው መቼ ነው፣ መቼ ነው የማይነካው፣ ሳይናገር የሚያደርገውን እዪ። እሱ ራሱ ለማስረዳት የማይችለውን ነገር ነው የምትወስጂው።

ሰፊ_ድግስ

"ሥራዬ ባደርገውም ደስ ይለኛል" ላልሽው እኔ ልመልስ፣ የምኖረው በሱ ነው።

ለስምንት ሰው መጥበስና ለመቶ ሰው መጥበስ አንድ ሙያ አይደለም። ጣዕሙ ያው ነው፣ ፈተናው ሰዓት ነው። እንግዳ በ7 ሰዓት ይበላል ከተባለ ስጋው በ7 ሰዓት መቆረጥ አለበት፣ ፍርምባ ግን ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ ነው የሚታሰበው። ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀድሞ እንዲደርስ አድርገሽ ጀምሪ፣ ቀድሞ ከደረሰ ጠቅልለሽ ሙቀት በሚይዝ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪ። ቀድሞ የደረሰ ፍርምባ ሲያርፍ ይሻሻላል፣ ዘግይቶ የደረሰ ግን ስምሽን ነው የሚበላው።

እዚህ ላይ ቴርሞሜትሩ እንደገና ይመጣል። የበሰለ ስጋ ከ60 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት፣ ጥሬው ከ4 በታች። በመካከል ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ መሃል እንዳይቆይ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ጥሬ የነካው ሰሌዳ፣ ጉጠትና ሳህን የበሰለውን አይነካም። ሁለት ጉጠት ይኑርሽ፣ መያዣቸው ላይ የተለያየ ቀለም አድርጊበት። ቤት ውስጥ ለቤተሰብ ስትሠሪ ቸል የምትዪው ነገር ለመቶ ሰው ስትሠሪ መቶ ሰው ያሳምማል። ለሰው መሸጥ ከመጀመርሽ በፊት የምግብ ንጽሕና ሥልጠና ውሰጂ፣ ኮርስ ካልሽ የኔ ምርጫ ይሄኛው ነው፤ ያለሽበት ቦታ የሚጠይቀውን ፈቃድም አውጪ።

ዝናብ ቢመጣ ብለሽ ማንደጃውን ወደ ዝግ ቦታ እንዳታስገቢ። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። እሳቱ የጠፋ ቢመስልም ከሰሉ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ቦታ አዘጋጂ። ሠራተኞችሽንም ይሄንን መጀመሪያ አስተምሪያቸው።

ዝርዝርሽን ደግሞ አጭር አድርጊው። በደንብ የምትሠሪያቸውን ሁለት ነገሮች ብቻ ሽጪ። ደንበኛ አሥር ነገር ይጠይቅሻል፣ "ይሄንን ነው የምሠራው" ማለትን ልመጂ። ክብደቱንም አስቢ፣ ፍርምባ ስቡ ተቆርጦ፣ በስሎና ውኃው ተንኖ ሲወጣ ከገዛሽው ወደ ግማሽ ገደማ ነው የሚቀርሽ። በጥሬው ክብደት ዋጋ የሚያወጣ ሰው ቶሎ ይዘጋል፣ ብዙ አይቻለሁ።

ጠባሿ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎድንን መርጫለሁ። ቅዳሜ ባዶ ማንደጃ አነዳለሁ፣ 120 ላይ ለማቆየት፣ ደብተሩንም ከዚያው እጀምራለሁ። ጋዙንም ተቀብዬዋለሁ።

ባለረመጥ፣ ባዶውን ሳነድ ቴርሞሜትሩን የት ላድርገው? ክዳኑ ላይ ያለውን አትመኚ ስለተባለ።

ባለረመጥ

ፍርግርጉ ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለው ወገን፣ ጎድኑ የሚያርፍበት ቦታ ልክ። ቶሎ የሚያነበው ዓይነት ግን ተዘግቶበት እንዲቆይ አልተሠራም፣ እሳቱ ውስጥ መቆየት የሚችል፣ ባለ ገመድ መርፌ ይሁን። መርፌው ብረቱን እንዳይነካ ትንሽ ድንች ውስጥ አሳልፈሽ፣ ጫፉን በሌላው ወገን አውጥተሽ አቁሚው፣ ብረት ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚያነብልሽ። ክዳኑ ላይ ያለውንም ጎን ለጎን ጻፊው፤ ልዩነታቸው ሁሌ ተመሳሳይ ከሆነ ከዚያ በኋላ ክዳኑን ሳትከፍቺ ልዩነቱን እያሰብሽ መጠቀም ትችያለሽ። ከሰሉን አመድ እስኪለብስ ጠብቂ፣ የታችኛውን ቀዳዳ 100 አካባቢ ሲደርስ ማጥበብ ጀምሪ። ቅዳሜ ማታ የጻፍሽውን ቁጥር እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።